የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የምነግራችሁ ሰው ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ይህን ግን ከማናችንም አብልጦ ያውቃል። አንዱ ሁለቱን ጫፎች ይይዛል፣ ሌላው የቀሩትን ሁለቱን። ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ይወጥሩታል፣ አንዴ ያራግፉታል፣ ከዚያ ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀራረባሉ። ሲገናኙ አንደኛው ጫፎቹን ለሌላው ያስረክባል። አስረክቦ ግን አይሄድም፤ ጎንበስ ይልና ከታች የተንጠለጠለውን እጥፋት አንሥቶ እንደገና ወደ ኋላ ይሸሻል። እንደገና ይቀራረባሉ። እስኪ አስቡት! በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር መለያየትና መገናኘት።

በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት እንዲህ የኖረውን ሰው የሥራ ባልደረቦቹ “ጫፎ” ነው የሚሉት፤ አንሶላ በተነሣ ቁጥር “ጫፍ! ጫፍ!” ስለሚል። ዕድሜው አርባ አንድ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ እርምጃው ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። ነገር ቶሎ አይገባውም፤ አንዴ ከገባው ግን አይወጣም። በልጅነቱ ሐኪሞች ለእናቱ ረጅም ስም ያለው ነገር ነግረዋቸው ነበር። እናቱ ሲሞቱ ለታናሽ እህቱ ያወረሷት ግን አጭሩን ነው፦ “ቀስ ብለሽ ንገሪው፤ ግን ንገሪው።”

የአንሶላውን ሌላኛውን ጫፍ ይይዙ የነበሩት እሱ “እትዬ” የሚላቸው ሴትዮ ናቸው። ሥራውን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩት ደግሞ አንድ ሕግ ብቻ ነው። “ይዣለሁ ሳልልህ እንዳትለቅ።” መሬት የነካ አንሶላ እንደገና ይታጠባላ! በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከጫፎ እጅ አንድም አንሶላ አልወደቀም። አንዳንዴ እትዬ ሊያስቁት ሲፈልጉ “ይዣለሁ” ሳይሉ ያቆዩታል። እሱም አፍ አፋቸውን እያየ ይጠብቃል።

“ምን ታፈጥብኛለህ? ጥርሴን እየቆጠርክ ነው?”

“አላሉም።”

“ምን ልበል?”

“እትዬ!”

“እሺ፣ ይዣለሁ፣ ይዣለሁ! አንተን ያገባች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ‘ይዣለሁ’ ስትል ልትኖር ነው።”

እሱም ይለቅና ጎንበስ ይላል፤ እየሳቀ።

አንድ ዓርብ ከሥራ ሲወጡ እትዬ ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ በፊት ስመውት አያውቁም። ጡረታቸው ነበር። ለክፍሉ ሰው ሁሉ ተናግረዋል፤ ለእሱ ለመናገር ግን አንጀታቸው አልቻለም። ሰኞ ጠዋት ጫፎ ከክምሩ የመጀመሪያውን አንሶላ አነሣ፣ ሁለቱን ጫፎች ይዞ ቆመ፣ ጠበቀ። የክፍሉ ኃላፊ “ማን ይንገረው?” አለ። ሁሉም ወደ ሌላው አየ። የሻይ ሰዓት ደርሶ ሰው ወጥቶ ሲመለስ ጫፎ እጁን እንደዘረጋ ነበር።

በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ መጣና አንሶላውን ከእጁ ወሰደው።

“እትዬ ጡረታ ወጥተዋል።”

“መቼ ይመለሳሉ?”

“ጡረታ ነው እኮ የምልህ።”

“እሺ። መቼ ይመለሳሉ?”

ብዙም ሳይቆይ ማጠፊያ ማሽን መጣ። ሁለት የብረት መቆንጠጫዎች አሉት፤ ጫፎቹን አስይዘህ አረንጓዴውን ቁልፍ ስትጫን አንሶላውን ሽው አድርጎ ይወስድና በሌላ በኩል አጥፎ ያወጣዋል። ጎበዝ ማሽን ነው። እትዬና ጫፎ ቀኑን ሙሉ የሚያጥፉትን እስከ ምሳ ይጨርሰዋል። በዚያኛው በኩል ግን ማንም የለም።

የሚኖረው ከእህቱ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የጎረቤት ግድግዳ የሚያሳይ መስኮት። እህቱ ባልና ሁለት ልጆች አሏት። በቤቱ ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም ግን ይቸኩላል። ጫፎ ቀስ ብሎ ስለሚበላ ሌሎቹ ተነሥተው እሱ ብቻውን ይቀራል። ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ ያጥባል፣ “ደህና እደሩ” ይላል፤ የሚመልስለት ቴሌቪዥኑ ነው።

እሑድ እሑድ የራሱን አንሶላ ያጥፋል። በበሩ መቃን ላይ ሁለት ሚስማር መትቷል። ሁለቱን ጫፎች ሚስማሮቹ ላይ ይሰካና የቀሩትን ይዞ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሚስማር ሰው አይሆንም፤ የአንሶላዎቹ ጫፍ ሁሉ ተቀዷል። እህቱ አንድ ቀን እነዚያን ቀዳዳዎች ልትሰፋ ተቀምጣ፣ መርፌውን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ሳትሰፋ ቀረች። በማግስቱ የሰፈሩ ሜዳ አጥር ላይ ያየችውን ማስታወቂያ ይዛ ወደ ክፍሉ መጣች።

“ጋሼ” አለችው። ታናሹ ናት። አሁን ጥፍሩን የምትቆርጥለት እሷ ብትሆንም በልጅነቷ የሰጠችውን ጋሼነት ነጥቃው አታውቅም። “ሩጫ ትወዳለህ?”

“አላውቅም።”

“ከሰው ጋር ነው የሚሮጠው።”

“ጫማዬ የታለ?”

ማስታወቂያው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች አንድ ላይ ሆነው የሚወዳደሩበት የዱላ ቅብብል ይላል። አራት ሰው ነው፤ ሁለት ከዚህ፣ ሁለት ከዚያ። አሰልጣኟ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ፊሽካዋን ከአፏ የምታወጣው ለመናገር ብቻ ነው ይሏታል። አንደኛ ሯጭ ከዳቦ ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ሁለተኛ የባንክ ዘበኛ፣ ሦስተኛ ጫፎ፣ አራተኛና የመጨረሻው ጎማ ለጣፊው።

ጎማ ለጣፊው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በልጅነቱ ሯጭ ሊሆን ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። አሰልጣኟ ጎማዋ ተንፍሶባት እሱ ዘንድ በሄደች ጊዜ እግሩን አየችና “ይህን እግር ጎማ እንድትረግጥበት ብቻ ነው እግዜር የሰጠህ?” አለችው። የመጣው ለማሸነፍ ነው፤ አልደበቀም።

በዱላ ቅብብል ተቀባዩ ፊቱን አያዞርም። ጀርባውን ሰጥቶ፣ መሮጥ ጀምሮ፣ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል። ሰጪው ዱላውን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ይለቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሠላሳ ሜትር በምትሆን፣ በመስመር በተከለለች ቦታ ውስጥ ነው። ዱላው ሳይለቀቅ መስመሩን ካለፈ ቡድኑ ይሰረዛል።

በመጀመሪያው ልምምድ ጫፎ ኩርባውን ዞሮ ሲመጣ የአሰልጣኟ ፊሽካ ከአፏ ወደቀ። ይህ ሰው አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን እግር የት ደብቆት ኖረ? ደረሰ፣ ዱላውን ዘረጋ፣ ጎማ ለጣፊው ያዘና ሊበር አለ። ዱላው አልመጣም። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ በአንድ ዱላ እየተጓተቱ መስመሩን አለፉ።

“ልቀቀው እንጂ!”

“አላልክም።”

“ምን?”

“አላልክም።”

“ሰውዬ፣ ዱላ ነው እኮ! የአባትህን ርስት አስመሰልከው!”

ጫፎ አላብራራም። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ያብራራል? ጎማ ለጣፊው እንደምንም መንጭቆ ሲወስድበት ደግሞ ጫፎ ጎንበስ አለና በሁለት እጁ መሬቱን ዳበሰ። የዳቦ ቤቷ ልጅ ሳቀች። ዘበኛው “ምን ጠፋበት?” ብሎ አብሮት ፈለገ።

ሁለተኛው ሳምንትም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም። ጎማ ለጣፊው ወደ አሰልጣኟ ሄደ።

“ብቻዬን ብሮጥ ይሻለኛል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ሲባል አልሰማሽም?”

“ብቻውን ለሮጠ የሚያጨበጭብለትም የለም። ተመለስ።”

ግን እሷም ጨንቋት ነበር። ከልምምዱ በኋላ እህቱን ወደ ዳር ወሰደችና ውድድሩ ሁለት ሳምንት እንደቀረው፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ መልቀቅ ካልለመደ ተጠባባቂ እንደምታደርገው ነገረቻት። ጫፎ የጫማውን ክር እያሰረ ይሰማል። መንገድ ላይ ጠየቃት።

“ተጠባባቂ ምንድን ነው?”

“የሚጠብቅ ነው ጋሼ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ።”

“ምን ይጠብቃል?”

እህቱ ክንዱን ይዛ መንገድ አሻገረችው። እሱ ትንሽ ከሄዱ በኋላ “መጠበቅማ እችላለሁ” አለ። “አልፈልግም እንጂ።”

ያቺ ሳምንት ለእሱ እንዴት እንዳለፈች ማንም አያውቅም። ማሽኑ ዘንድ ቆሞ ጫፍ ያስይዛል፣ ቁልፍ ይጫናል። ሜዳው ላይ፣ ኩርባው ያለቀበት ቦታ፣ ጀርባውን ሰጥቶም ቢሆን እጁን ዘርግቶ የሚጠብቀው አንድ ሰው አለ። ከእትዬ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረውም። እንዴት ይለቀዋል? ሳይባልስ እንዴት ይለቃል?

ሐሙስ ዕለት የልብስ ማጠቢያው ክፍል ትልቁ ጋሪ ጎማው ተነፈሰና ጎማ ለጣፊ ተጠራ። የመጣው እሱ ራሱ ነው። ጋሪውን ገልብጦ ሲሠራ መብራት ጠፋ፤ ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ቀና ሲል ከአንሶላ ክምር አጠገብ ሁለት ጫፍ ይዞ የቆመ ሰው አየ።

“ሰውዬ፣ እዚህ ነህ እንዴ የምትሠራው?”

“ያዝ” አለው ጫፎ።

ጎማ ለጣፊው እጁን ዘረጋ። ጫፎ ወደ ኋላ ሸሸ።

“ታጠብ።”

ታጠበ። ጫፎ መዳፉን አየና ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ታጠበ። ለሦስተኛ ጊዜ ታጥቦ ሲመለስ “ለሙሽራም እንዲህ ታጥቤ አላውቅ” እያለ ነበር። “አግብተህ ነው?” አለች በክፍሉ ልብስ የምትተኩሰው የካውያ ቤቷ ሴት። “አይ፣ በዚህ እጅ ማን ታገባኛለች?” ሳቁ። ከዚያ ጎማ ለጣፊው ጫፎቹን ያዘ። ወጠሩ፣ አራገፉ፣ ተቀራረቡ። ጫፎ ጫፎቹን አስረከበው፤ እጁን ግን አላነሣም። ቆሞ አፍ አፉን ያየዋል።

“ምንድን ነው?”

“ይዣለሁ በል።”

“ይዣለሁ።”

ጫፎ ወዲያው ለቀቀ። ጎንበስ አለ፣ ከታች የተንጠለጠለውን እጥፋት አነሣ፣ ወደ ኋላ ሸሸ።

ጎማ ለጣፊው ግማሽ አንሶላ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲሰድበው የከረመው ነገር ይህ ነበር? መሬት መዳበሱም ይህ ነበር? “ኧረ በስመ አብ” አለ ቀስ ብሎ። መብራቱ እስኪመለስ አርባ አንሶላ አጠፉ። አርባ ጊዜ “ይዣለሁ” አለ። ሲወጣ ሰውዬ ማለቱን ትቶ “ጋሼ፣ ቅዳሜ እንገናኝ” አለው።

ቅዳሜ ጎማ ለጣፊው ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ዱላው መዳፉን ሲነካው “ይዣለሁ!” ብሎ ጮኸ። ጫፎ ለቀቀ። እንደ ቅቤ ነበር። ጎንበስ ማለቱን ግን አልተወም። አሰልጣኟ “ይጎንበስ፤ ማንን ጎዳ?” አለችና አንድ ነገር ብቻ ጨመረችለት። “ዱላውን ከሰጠህ በኋላ ከመስመርህ ንቅንቅ እንዳትል። የሌላውን መንገድ ትዘጋለህ፣ እኛም እንሰረዛለን። መጥቼ እስክጠራህ እዚያው። እሺ?”

“እሺ።”

ቀስ ብላ ነበር የነገረችው፤ ገባው።

የውድድሩ ቀን ስታዲየሙ ግማሽ ያህል ሞልቷል። ከፊሉ ዘመድ ነው፣ ከፊሉ ተማሪ። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ከበሮ የያዙ ልጆች አሉ። እህቱ ከላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቶቿ መሐል ቀብራለች። ከዚያ ርቀት ወንድሟ ኩርባው ላይ በነጭ መስመሮች መካከል ብቻውን ቆሞ ሲታይ በተነጠፈ አልጋ ላይ ሰው የረሳው ዕቃ ይመስላል።

ሽጉጡ ተተኮሰ። የዳቦ ቤቷ ልጅ አራተኛ ሆና ሰጠች፤ ዘበኛው አንዱን አልፎ ሦስተኛ። ከዚያ ጫፎ ተቀበለ። ኩርባውን ሲዞር አንዱን አለፈ። ተመልካቹ ተነሣ። ጎማ ለጣፊው ያን ጩኸት ሰማ፣ ልጅነቱ ድንገት ወደ እግሩ ወረደ፣ መሮጥ ጀመረ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ዱላው መዳፉን ነካው። ጨበጠው።

ቃሏን ረሳት።

አንድ እርምጃ አብረው ሮጡ። ሁለት። ሦስት። ጫፎ አልለቀቀም። መስመሩ ከፊታቸው እየቀረበ ነው። እህቱ ከላይ ሆና “በለው! ይዣለሁ በለው!” ብላ ጮኸች፤ በዚያ ከበሮ ውስጥ ማን ይሰማታል?

አራት።

ጫፎም ለቀቀ።

ለምን እንደለቀቀ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቆታል። የሚመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው። “እጁ ይዞ ነበር። አየሁት።” አሥራ አራት ዓመት አፍ ሲያይ የኖረ ሰው በአራት እርምጃ ውስጥ እጅ ማየት ጀመረ! እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ጎማ ለጣፊው እየበረረ ሄደ። ጫፎ ጎንበስ አለ። ከታች የሚነሣ እጥፋት አልነበረም፤ ቀይ የመሮጫ ሜዳና የራሱ ጥላ ብቻ ነበር። ቀና አለ። ጩኸቱ ሁሉ፣ ከበሮው ሁሉ፣ ሰው ሁሉ ወደ መጨረሻው መስመር ሄዷል፤ መቶ ሜትር ርቆ። በአጠገቡ የነበሩት የሌሎች ቡድኖች ሯጮች አንድ በአንድ ዘመድ እየመጣ እያቀፈ ወሰዳቸው። እሱ ከመስመሩ አልወጣም። መጥቼ እስክጠራህ ተብሏል።

ሁለተኛ ወጡ። አሰልጣኟ ፊሽካዋን እየነፋች ታለቅሳለች። ዘበኛው የዳቦ ቤቷን ልጅ ትከሻው ላይ አወጣት። እህቱ ከላይ ወርዳ በሰው መሐል ገብታ ቀረች፤ ወንድሟ ከቡድኑ ጋር ነው ብላ አስባለች። አንዱ የውድድሩ አስተባባሪ “ቶሎ፣ ቶሎ፣ ቀጣዩ ውድድር አለ” ብሎ አሰለፋቸው። ሜዳሊያ ተጠለቀ። ፎቶ አንሺው “ወደዚህ እዩ” አለ፤ አዩ፤ ተነሡ።

ጎማ ለጣፊው ዱላውን እስከዚያ ድረስ አላስቀመጠም። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ወደ እጁ አየ።

“ጋሼስ?” አለ።

ሁሉም ወደ ሌላው አየ።

ከዚያ ጎማ ለጣፊው ሮጠ፤ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ፣ ሜዳሊያው ደረቱን እየመታው። ጫፎ ሲመጣ እያየው ነበር፤ አልተነቃነቀም። ጎማ ለጣፊው ደርሶ ጎንበስ ብሎ ጉልበቶቹን ያዘ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጊዜ ወሰደ።

“ይዣለሁ” አለ።

“አሁን ነው?” አለ ጫፎ።

“ረሳሁት ጋሼ። ይቅርታ።”

“እኔ ለቀቅኩ እኮ።”

“አዎ። ለቀቅክ።”

“እትዬ ቢያዩ ይቆጡኝ ነበር” አለና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። “አሰልጣኟ አልጠራችኝም” አለ። ጎማ ለጣፊው የራሱን ሜዳሊያ አውልቆ ሊያጠልቅለት ሲል አንገቱን ሸሸት አደረገ። “የእኔ የታለ?” የእሱ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ሄደው ተቀበሉ። ፎቶ አንሺው ግን ወደ ቀጣዩ ውድድር ሄዷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህቱ የሚመጣውንም የሚቀረውንም ትነግረዋለች፤ ቀስ ብላ። ልምምዱ ለሁለት ወር እንደሚቆም ነገረችው፤ የሚመለስበትን ቀን ከመስኮቱ አጠገብ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ከበበችለት። ጎማ ለጣፊው አንድ እሑድ መጣ፤ የበሩን ሚስማሮች አይቶ ሦስት አንሶላ አብሮት አጥፎ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ሥራ በዛበት። ልምምዱ እስኪጀምር የቀሩት ቀኖች ገና ብዙ ናቸው፤ ክፍሏም እንዳለች ናት።

ፎቶው የመጣ ዕለት ጫፎ ወደ ሥራ ይዞት ሄዶ ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። የካውያ ቤቷ ሴት እጇን እያደራረቀች መጣች።

“ይኸ ዘበኛው ነው፣ ይቺ ልጅቷ፣ ይኸ ጎማችንን የሠራልን። አንተ የታለህ? ሦስት ሰው ነው እኮ የሚታየኝ።”

ጫፎ ጣቱን አነሣና ከዘበኛው ትከሻና ከልጅቷ ጆሮ መካከል፣ ርቆ፣ ቀዩ ሜዳ መታጠፍ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ አሳረፈው። የእህል ፍሬ የምታክል ነገር አለች።

“ይኸ ነኝ።”

“ይቺ ነጥብ?”

“አዎ።”

ሴትየዋ ዓይኗን አጥብባ አየች። “ምን ታደርጋለህ እዚያ ብቻህን?”

“ሰጥቼ ነው” አለ ጫፎ። “ቆሜያለሁ።”

ከዚያ ወደ ክምሩ ዞረ። አንድ አንሶላ አነሣ፣ ጫፎቹን ፈልጎ አገኘ፣ በሁለቱ መቆንጠጫዎች አስያዘና ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ምንም ሳይል ወሰደው።